የአሚን ወንበር

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድሜ ለኡበይድ ሰይዶ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ሱቁስ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኛ ቤት ደህና ነን የሚባለው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ግማሹን ደብቀን ነው። ዛሬ ግን አልደብቅህም።

ደብዳቤ ሲሰጥህ "ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ስልክ ጠፋ ወይ?" እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ አልጠፋም፣ የምትጠፋው አንተ ነህ። "አባባ" የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ጆሃንስበርግ ላይ ኔትወርክ ይበላሻል። "ሳሌሃ አይሰማኝም፣ ሳሌሃ ይቆራረጣል" ትለኛለህ። ስለ በርበሬው ምርት ሳወራህ ግን ጥርት አድርገህ ትሰማኛለህ። ስለዚህ የማይቆራረጥ ነገር ላክሁልህ። ጀማሉ ለእህቱ ሰርግ መጥቶ ሰንብቶ ወደ እናንተ እየተመለሰ ነው፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። አባባ ታሞ ነበር። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ድምፁ ሲሻክር ብርድ ነው ብለን ጦስኝና ዝንጅብል ስናጠጣው ከረምን። አዲስ አበባ ስንወስደው ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ አገኙ፤ ድምፅ የሚወጣበት ነገር ራሱ ተቆርጦ መውጣት አለበት ተባልን። ባለፈው ወር ኦፕራሲዮን ሆነ። አሁን ቤት ገብቷል፣ ቀስ እያለ ይበላል፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ እኔን በዓይኑ ይቆጣኛል። ድምፁ ግን የለም። ተመልሶም አይመጣም።

ይህን ስታነብ ምን እንደምትል ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። "ሳይመርቀኝ ቀረ" ነው የምትለው። ሱቅህን ሌቦች ሲሰብሩት "የአባባ እርግማን ነው" አልከኝ። ያቺ ልጅ ጥላህ ስትሄድ እርግማን ነው አልክ። ጥርስህን ሲያምህ እንኳ እርግማን ነው አልክ፤ ስኳር መላስህን ማን ይንገርህ። አባባ አንድም ቀን ረግሞህ አያውቅም፣ ወላሂ። ግን አልመረቀህም ነበር፣ እሱም እውነት ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ጅዳ ሲሄድ፣ ቤይሩት ሲሄድ፣ ለትምህርት ወልቂጤ እንኳ ሲሄድ፣ እኛ ደጅ ቆሞ እጁን ዘርግቶ የአባባን ዱዓ ይዞ ነው መኪና የሚሳፈረው። የሱ ልጅ ግን አባቱ ሱብሒ ሊሰግድ በወጣበት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ውልቅ አለ። መሄድህ አልነበረም የከፋው። ከፊቱ ሸሽተህ መሄድህ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምህ በተነሳ ቁጥር ጫማውን አጥልቆ ከቤት ይወጣ ነበር። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። እማዬ በሕይወት ብትኖር ይሄ ማስታረቅ የእሷ ሥራ ነበር፤ እኔ አልቻልኩበትም።

አሁን ታገሰኝ፣ ተስፋ አትቁረጥ። ገና አልጨረስኩም። የሆነውን እንድትረዳው ስለ ሳጥኑ ልንገርህ።

ፎቶ ቤቴ እንደ ድሮው አይደለም። ሰው ሁሉ ካሜራ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ የጉርድ ፎቶ ካልፈለገ ማንም አይመጣም። ትርሲትን ታስታውሳታለህ፣ ወልቂጤ ኮምፒውተር አብራኝ የተማረችው የቡኢ ልጅ፣ ቤታችን መጥታ አይቡን ብቻዋን የጨረሰችው። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፤ "ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉ አሮጊትና ሽማግሌዎች ስልክ የላቸውም። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ደግኖባቸው የቤታቸውን ጉዳይ ማውራት ያፍራሉ። ሰው ብቻውን ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ራሱ ቁልፍ ነክቶ፣ የልቡን በቪዲዮ ተናግሮ የሚወጣበት ነገር ለምን አንሠራም?" የተቀዳውን እኛ ለልጁ እንልክለታለን። ደስ አለኝ። የፎቶ ቤቱን ጥግ በኮምፔርሳቶ ጣውላ ከለልን፣ ድምፅ እንዳይወጣ ውስጡን በስፖንጅና በአሮጌ ብርድ ልብስ ለበጥነው። ግድግዳው ላይ ታብሌት ሰቀልን፣ ከላይ መብራት፣ ፊት ለፊት አንድ ወንበር፤ ሳጥኑ የምልህ ይህን ነው። ይህን መሥራት ምንም አልነበረም። የፈተነን ታብሌቱ ላይ ምን ይታይ የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ብታይ ትስቅብን ነበር። ቋንቋ ይምረጡ ይላል፣ መብራት ይጨምሩ ይቀንሱ ይላል፣ ከጀርባዎ ባሕር ይሁን ወይስ አበባ ይላል። ዩኒቨርሲቲ የተማርነውን ሁሉ እዚያች ስክሪን ላይ ዘረገፍነው። መጀመሪያ የገቡት እማማ ሃሊማ ናቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩት፣ ልጃቸው ጅዳ ያለችው። ቆይተው ቆይተው ወጡ፣ "ጨረስኩ" አሉ ደስ ብሏቸው። ቪዲዮውን ስንከፍተው እማማ ሃሊማ የሉም። ባሕር ብቻ ነው ያለው፤ ከባሕሩ ውስጥ "አንቺ ልጅ፣ ወደየት ዞሬ ነው የማወራው?" የሚል ድምፅ ይመጣል።

እየቀነስን ሄድን። ባሕሩንም አበባውንም አጠፋን። ቋንቋውንም አጠፋነው፤ ሰው በፈለገው ያውራ፣ ታብሌቱ ምን አገባው። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ክብ ቁልፍ ብቻ ቀረች። ቀይ አድርገናት ነበር፣ ሰው ፈራት፤ "ክልክል ነው መሰለኝ" እያለ ሳይነካት ይወጣል። አረንጓዴ አደረግናት። ደግሞ ሰው የራሱን መልክ ስክሪኑ ላይ ሲያይ ወሬውን ትቶ ሻሹን ያስተካክላል፣ ጢሙን ይዳስሳል። ስለዚህ የራሱን መልክ አንስተን መልእክቱ የሚሄድለትን ሰው ፎቶ አስገባንበት። ያኔ ነው ነገሩ ነፍስ የዘራው። እናት ልጇን ዓይን ዓይኗን እያየች ማውራት ጀመረች።

አንድ ነገር ግን አበላሸሁ፣ ያውም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ብዙ ሰው ሲጨርስ ቁልፏን መንካት ይረሳል፤ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ ታብሌቱ ባዶ ወንበር ሲቀዳ ይውላል። እኔም ሰው ዝም ካለ ጨርሷል ማለት ነው ብዬ፣ ትንሽ ዝም ሲባል ቀረጻው በራሱ እንዲቆምና "መልእክትዎ ተቀድቷል፣ እናመሰግናለን" እንዲል አደረግሁት። ድምፁ የትርሲት ነው፣ እንደ ማር የለሰለሰ።

እማማ ሃሊማ በሌላ ቀን ገብተው ወዲያው ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ይቺ ሳጥንሽ ባለጌ ናት" አሉኝ።

"ምን አደረገችዎት እማማ?"

"ዱዓዬን አቋረጠችኝ። አንዱን ብዬ፣ አሚን እስክባል ስጠብቅ፣ እናመሰግናለን ብላ ሸኘችኝ። ሰው እንዲህ ይሸኛል?"

የሌሎቹንም መልሰን አየን። ሁሉም ጋ ያው ነው። እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ "አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ" ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ትርሲት እናመሰግናለን ትላለች። ከቆሼ ከተማ የመጡ አንድ አባት ደጋግመው ቁልፏን እየነኩ ከመጀመሪያው ጀምረዋል፤ ምርቃታቸው ሁልጊዜ አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀራል። የትርሲት አክስትም ከቡኢ መጥተው በማርያም መርቀው አሜን ሲጠብቁ እዚያው ላይ ተቆርጠዋል። ትርሲት አክስቷን በገዛ ድምፅዋ ስትሸኝ ሰምታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኡበይድ፣ አሚን እያልን ነው ያደግነው፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። መራቂ ለብቻው አይመርቅም። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ ከሌለ መራቂው ወደሚቀጥለው አይሄድም፣ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ በሩን ዘግተን፣ ግድግዳውን በስፖንጅ ጠቅጥቀን፣ ብቻውን አስቀምጠን ልብህን ተናገር አልነው።

ትርሲት ችኩል ናት። ታብሌቱ ራሱ አሚን እንዲል አድርጋ መጣች፣ ለክርስቲያኑ ደግሞ አሜን። እማማ ሃሊማን ለምነን አስሞከርናቸው። ታብሌቱ አሚን ሲል ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከዚያ ትንሽ ሳል ያዛቸውና ሳሉ፤ ታብሌቱ ለሳሉም አሚን አለ። ሳቁ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ ነገሩንም እዚያው ተውነው።

ያደረግነው ሌላ ወንበር ማስገባት ብቻ ነው። በሩ ላይ "አሚን የሚል ሰው ይዘው ይግቡ" ብለን ለጠፍን። ዝም ሲባል የሚቆመውንም አጠፋሁት፣ ባዶ ወንበርም ቢሆን ይቅዳ። ሰዉ ራሱ "የአሚን ወንበር" ብሎ ስም አወጣለት። ጎረቤት ይዘው ይመጣሉ፣ የሌላቸው እንደሆነ እኔ እገባለሁ። የስንቱን ቤት ምስጢር ሰማሁ መሰለህ፤ ሆድ ይፍጀው።

አባባ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳጥኑን ከውጭ ነበር የሚያየው። አንድም ቀን ምንድነው ብሎ አልጠየቀኝም። ድምፁ ሊጠፋ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ደጃችንን ሞላው። መንገደኛ መጣ፣ ሙሽራ መጣች፤ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር ለሚወለደው ዱዓ አስደርጋ ሄደች። በዚያ በሻከረ ድምፁ ማንንም አልመለሰም። አንድ ከሰዓት ሰው ሲያልቅ ጠብቄ፣ "አባባ፣ ለኡበይድስ?" አልኩት። ጫማውን አጠለቀና ወጣ። በቃ፣ ቀረ አልኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለሱ ይሁን ላንተ አላውቅም።

ለኦፕራሲዮኑ ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ በዋዜማው ዙሁር ሰግዶ ፎቶ ቤት መጣ። የሰርግ ኮቱን ለብሷል፣ ነጩን ኮፍያውን አድርጓል።

"ያቺ ሳጥንሽ ሰው አለባት?" አለኝ።

የለባትም አልኩት። ያንተን ፎቶ አስገባሁ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመህ የተነሳኸውን። ተቀመጠና ብዙ አየህ። "ከስቷል" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ጢም አብቅሏል" አለ። እኔ የአሚን ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል በእጁ አስቆመኝ።

"አንቺ ውጪ።"

"አባባ፣ አሚን የሚል ሰው ያስፈልጋል እኮ።"

"አለ" አለኝ፣ ፎቶህን በአገጩ እያሳየኝ። "የሱን አሚን ለማለት አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ስፖንጁ የረባ አይደለም፤ ሁሉም ይሰማል። እኔና ትርሲት ኮምፔርሳቶው ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ቆምን፣ ነውር ነው ግን ምን እናድርግ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለ። ዝም አለ። ከዚያ ሰላምታህን የመለስክለት ይመስል "አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ደህና ነኝ" አለ። ስለ ሥራህ ጠየቀህ፣ ዝም አለ። ስለ ብርዱ ጠየቀህ፣ ዝም አለ። ከዚያ "በል እጅህን ዘርጋ" አለህ።

በቋንቋችን ነው ያለው፤ እኔ በአማርኛ ስጽፈው ጣዕሙ ይሄዳል፣ ከራሱ ትሰማዋለህ። "ያለህበት አገር እንግዳ አይበልህ" አለ። ዝም አለ። "ሱቅህን የሰበሩትን አላህ ልብ ይስጣቸው፣ ላንተም ይተካልህ" አለ። ዝም አለ። "ያቺ የሄደችዋን ልጅ በሰላም ያኑራት፣ የምትሆንህን ያምጣልህ" አለ። "ጥርስህን ያሽርልህ" አለ።

ትርሲት "አንቺ ነሽ የነገርሽው?" ብላ በምልክት ጠየቀችኝ። እኔ አንዱንም አልነገርኩትም። ስምህ ሲነሳ ጫማውን አጥልቆ የት እንደሚሄድ ያን ቀን ገባኝ። የጀማሉ አባት ቤት ነው የሚሄደው፤ ልጃቸው ስላንተ የነገራቸውን ሊጠይቅ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወሬህን ከሰው ቤት ነበር የሚለቅመው።

ድምፁ እየደከመ ሄደ። በየመሃሉ ያስላል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ይቀጥላል። ከሁሉም መጨረሻ ያለውን እንደ ቃሉ ልጻፈው፤ "ሳትነግረኝ የሄድከውን፣ አላህ ነግረኸኝ እንደሄድክ ይቁጠረው።"

ከዚያ ዝም አለ። ይህኛው በጣም ረዘመ። ትርሲት ጨርሰዋል ብላ ጠቆመችኝ። እኔ ሻሼን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ነው የቆምኩት፤ አሚን ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ያንተ ናት ብዬ ዋጥኳት። በመጨረሻ ፈርቼ በሩን ከፈትኩ። ቁልፏን አልነካም። እጁን እንደዘረጋ ነው።

"አባባ፣ ጨረስክ?"

ዓይኑን ከፎቶህ አላነሳም።

"ገና አላለም" አለኝ።

ቪዲዮውን በፍላሽ አድርጌ ለጀማሉ ሰጥቼዋለሁ፤ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ይሰጥሃል። ጀማሉን አስወጣና ብቻህን ክፈተው። መሃል መሃሉ ላይ ዝም ሲል ተበላሽቷል ብለህ እንዳታሳልፈው። ትርሲት "ዝምታውን እንቁረጠው፣ ያጥራል" ብላኝ ተጣልቻት ነበር። አንዱንም አላስነካሁም። በእያንዳንዱ ላይ አንተን ነው የሚጠብቀው።

የጀማሉ እህት ሰርግ ላይ ዱዓ ያደረጉት ሌላ ሰው ናቸው። አባባ ከሰዉ ጋር ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ነበር። ሰዉ አሚን ሲል የሱ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሳየው አልቻልኩም፣ ወደ ሴቶቹ ድንኳን ሄድኩ።

ለአረፋ እመጣለሁ ብለኸው እንደነበር ጀማሉ ነግሮኛል። አረፋ ደስ ይላል። ከአረፋ በፊት ብትመጣ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ሐኪሙ ሌላም የነገሩኝ ነገር አለ፤ እሱን ስትመጣ አወራሃለሁ። ብቻ አረፋን አትጠብቅ።

አባባ ያን ቀን ፊቱን በመዳፉ ሳያብስ፣ ዱዓውን ሳይዘጋ ነው ከሳጥኑ የወጣው። ዱዓ አድርጎ ፊቱን ሳያብስ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ቪዲዮውን እያየህ ስታለቅስ አትቅር። ደውልልኝ። ስልኩን በረንዳው ላይ ወስጄ እይዝለታለሁ። እንዴት ነህ አትበለው፣ ይቅርታም አትጀምርለት፣ ያቺን አንድ ቃል ብቻ በል። ምንም አይመልስልህም። ግን ሐኪሙ የቆረጡት ጉሮሮውን ነው፤ ጆሮው ደህና ነው።

አላህ ድምፅህን ያሰማን።

እህትህ ሳሌሃ ሰይዶ